ልኬቱ ከትሪው ይጀምራል

በደሴ መንገድ ካራቆሬ ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው ከስልኩ አውጥቶ ለአናጺው የሚያሳየው የምግብ ቁምሳጥን ፎቶ አዲስ አበባ ከሚታየው አይለይም። የሚያብረቀርቅ ነጭ ኤምዲኤፍ፣ እጀታ የሌለው በር፣ ከመደርደሪያው ሥር የተሸሸገ መብራት፣ ለጌጥ የቆሙ ሁለት የወይን ብርጭቆዎች። ከኢስታንቡል ይምጣ ከጓንዡ የሚጠይቅ የለም። ያምራል፤ ማማሩን እኔም አልክድም። ነገር ግን ፎቶውን ከዳር እስከ ዳር ብትፈትሹት መሶብ አታገኙበትም። ትሪ የለም፣ ረከቦት የለም፣ ጀበና የለም፣ ፔርሙስ የለም። የዚያ ቤት ሰው የሚበላው በየግል ሰሃኑ ነው፤ ካቢኔቱም የተለካው ለሰሃን ነው።

የእኛ ገበታ ልኩ ሌላ ነው። እንጀራ ከምጣድ ሲወጣ ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሰፋል። እሱን ሳያጥፍ የሚይዘው ትልቁ ትሪ 60 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ ለድግስ ብቻ የሚወጣው ደግሞ ያልፈዋል። በሌላ በኩል ከወለል የሚነሣው ካቢኔት የተለመደ ጥልቀቱ ከውጭ ሲለካ 60 ሳንቲሜትር ነው። የበሩና የጀርባው ውፍረት ሲቀነስ ውስጡ የሚተርፈው 57 ቢሆን ነው። ትሪው በሁለት ጣት ያህል ይወጣል፤ በሩ አይዘጋም። ስለዚህ ያ ሁሉ ብር የፈሰሰበት ካቢኔት በተገጠመ በሳምንቱ ትሪው አናቱ ላይ ተጋድሞ፣ ካልሆነም ከፍሪጁ ጀርባ ተሸጉጦ ይገኛል።

በሥራው መካከል የሚሰማው ንግግር ብዙ ጊዜ ከዚህ አይርቅም፦

«ወንድሜ፣ ትሪዬስ የት ሊገባ ነው?»

«እትዬ፣ ልኩ ስልሳ ነው፤ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚያሠራው።»

አናጺው አልዋሸም። ኤምዲኤፍም ሆነ ቺፕውድ ገበያ ላይ የሚውለው 122 በ244 ሳንቲሜትር ሆኖ ነው። ያንን በቁመቱ ለሁለት ሲሰነጥቁት፣ መጋዙ የሚበላው ተቀንሶ፣ ሁለት ባለ 60 ይወጣዋል፤ የሚጣል ቁራጭ የለም። 66 ብታዙት አንዱ ጎን 55 ሆኖ ይቀራል፤ እሱ ደግሞ ለውስጥ መደርደሪያና ለላይኛው ካቢኔት ይሆናል፤ ቀድሞ ወረቀት ላይ ከተሠራ የሚባክነው ትንሽ ነው። ችግሩ ወረቀት ላይ የሚሠራው ጥቂት መሆኑ ነው። ብዙው ሥራ «ግድግዳው ስንት ሜትር ነው?» ተብሎ ይጀመርና ዋጋው በካሬ ተባዝቶ ያልቃል። ዕቃው አይለካም።

እኔ ብሆን ልኬቱን የማስጀምረው የቤቱን ዕቃ በሙሉ ወለል ላይ አስደርድሬ ነው። ትልቁ ትሪ፣ ትልቁ ድስት፣ መሶቡ ከነክዳኑ፣ ረከቦቱ ከነሲኒው፣ ጀበናው ከነማቶቱ። የመሶብን ልክ ፋብሪካ አያውቀውም፤ የምታውቀው የሰፋችው እጅ ናት። አንዱ ወገብ ይደርሳል፣ ሌላው ከጉልበት አያልፍም። ለእሱ የሚሆነው በር የሌለው፣ ከሥርም ወለል ያልተሠራለት፣ ገፋ ሲያደርጉት የሚገባ ክፍት ቦታ ነው። መዝጋት አያስፈልግም። እርጥበት ያለበት መሶብ በር ተዘግቶበት ሲያድር ይሻግታል፤ ስፌቱ አየር ይፈልጋል።

ትሪውንም ለማስተኛት መታገል የለብንም። ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ ማቆም ይቻላል። 70 በ70 የሆነ፣ ጥልቀቱ ከ15 ሳንቲሜትር ያልበለጠ ክፍት ሳጥን ግድግዳው ላይ ይሠራል፤ ከፊቱ አንድ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ተጋድሞ ትሪዎቹን ደግፎ ይይዛል። ሦስትና አራት ትሪ ተደራርቦ ይቆማል፤ ከፊት የሚሆነው ያማረው ነው። ባለ አበባው የቆርቆሮ ትሪ ራሱ ጌጥ ስለሆነ ሌላ ሥዕል ፍለጋ መሄድ አይገባም።

ይህን ሐሳብ ከእኔ በፊት ያሰቡት ሐረሮች ናቸው። በሐረር ቤት፣ በጌይ ጋር፣ የምግቡም የእንግዳውም ክፍል አንድ ነው፤ ግድግዳው ውስጥ ተቦርቡረው የተሠሩ መስኮት መሳይ ጓዳዎች አሉ፤ ቁርኣኑም ጌጣጌጡም ዕቃውም በየቦታው ይቀመጥባቸዋል። ስፌቶቹና ሰሃኖቹ ደግሞ ፊታቸውን ወደ ሰው አዙረው ግድግዳውን ይሞሉታል። የቤቱ ዕቃ መጋዘንም ነው፣ ጌጥም ነው። ሩቅ ሳንሄድ፣ ከከሚሴ ወዲያ ተራራ ላይ የተቀመጠችው የአርጎባዎቹ ሾንኬ በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የታነጸች መንደር ናት። በይፋት ቆላ ጫፍ ያሉት የኖራና የአስባሪ ፍርስራሾችም ድንጋይ እየጠረቡ ግድግዳ ማቆም እዚህ አገር ስንት ዘመን እንዳስቆጠረ ይመሰክራሉ። በደጋው በኩል ደግሞ መደቡ ራሱ ከግድግዳው ጋር የተበጀ መቀመጫና መኝታ ነው፤ ቆጡ ከጣራው ሥር የተዘረጋ መደርደሪያ ነው፤ ሴቶች ከጭቃና ከእበት መደርደሪያ አበጅተው ከግድግዳው ጋር ያያይዛሉ፣ በአመድና በቀይ አፈርም ያስጌጡታል። ከግድግዳ ጋር የተሠራ ቁምሳጥን ከውጭ የመጣ ዘመናዊነት ነው የሚለን ሰው አያቱ ቤት አልገባም ማለት ነው።

በእነዚህና በዛሬው ካቢኔት መሃል የገባው ቡፌ ነው። በእነ እማማ ዘመን የሳሎኑ ንጉሥ እሱ ነበር፦ ባለ ተንሸራታች መስታወት፣ ከውስጥ ዳንቴል የተነጠፈበት፣ ለእንግዳ ካልሆነ የማይነካ የብርጭቆ ስብስብ የተደረደረበት፣ አናቱ ላይ የሠርግ ፎቶ የቆመበት። እስከ ዛሬም ካራቆሬ ላይ፣ አጣዬ ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ብዙ ቤት ስትገቡ ፊት ለፊት የሚቀበላችሁ እሱ ነው። ቡፌን አላጣጥለውም፤ ቤት ሲቀየር አብሮ ይጫናል፣ ለልጅ ይወረሳል፣ ሲቸግርም ይሸጣል። ካራቆሬ ላይ ግን አንድ ከባድ ጥፋት አለበት። ያቆመው የራሱ ክብደት ብቻ ነው።

ካራቆሬ ስል የአዲስ አበባ መውጫ ላይ ያለችውን አይደለም፤ ከአጣዬ ወደ ከሚሴ በሚወስደው የደሴ መንገድ ላይ፣ ኤፍራታና ግድም ወረዳ ውስጥ ያለችውን ነው። ይህችን ከተማ የውጭ ሰው የሚያውቃት በመነጽር ካልሆነ በማይነበብ ደቃቅ ፊደል በተጻፉ የሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ በስሟ ይጠራልና። በግንቦት 1953 ዓ.ም. መገባደጃ የጀመረው መናወጥ ለሳምንታት ቀጠለ፤ የከፋው ከ6 በላይ የተለካ ነበር። ጎረቤቷ ከተማ ማጀቴ ሙሉ በሙሉ ፈረሰች። በካራቆሬ ከመቶው 45 የሚሆነው ቤት ወደቀ። ከከተማዋ በስተ ሰሜን 17 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋናው መንገድ ተሰነጣጠቀ፣ ናዳም ወረደበት። በሁለቱ ከተሞች አምስት ሺህ ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። ይህን ሁሉ ሰብስበው ከጻፉት ቀዳሚው አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙት ኢየሱሳዊው አባ ፒየር ጉዊን ናቸው፤ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘው መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1979 ታትሟል።

ምክንያቱ አገሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው። የሸዋ ደጋ በድንገት ተቆርጦ ወደ ይፋት ቆላ የሚወርድበት ያ አስደንጋጭ ገደል፣ ከደብረ ሲና ስትወርዱ ጆሯችሁን የሚደፍነው፣ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ግንብ ነው። ምድሪቱ እዚያ ላይ ወደ ሁለት እየተሳበች ነው፤ ስትሳብ ትሰነጠቃለች፣ ስትሰነጠቅ ትናወጣለች። ያለፈ ታሪክ ነው ብሎ ለመተው የሚያመች አልሆነም። በ2017 ዓ.ም. መስከረም አካባቢ ከፈንታሌ ተራራ የተነሣው መናወጥ በታኅሣሥ ወደ ዶፈን ተራራ ተዛምቶ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሳይቀር ብርጭቆው ሲንኳኳ ሰማ፤ በየካቲት ደግሞ 6 የደረሰ ተለካ። ዶፈን ከሸዋ ሮቢት በስተ ደቡብ ነው።

እንግዲህ ቡፌውን በዚህ ዓይን እንየው። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲሜትር ነው እንበል። ጥልቀቱ የቁመቱ አንድ አምስተኛ ነው ማለት ነው። ወለሉ ወደ ጎን የሚገፋበት ጉልበት የስበትን አንድ አምስተኛ ሲያልፍ እንዲህ ያለ ዕቃ አናቱ ቀድሞ ይሄዳል፤ ከባዱ ሳህንና ብርጭቆ ከላይ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ። ጃፓኖች ይህን በውድ ዋጋ ተማሩት። እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1995 ንጋት ላይ ኮቤን የመታው መናወጥ ከስድስት ሺህ በላይ ሰው ሲገድል፣ ብዙው የሞተው በፈረሰ ቤትና በወደቀ ዕቃ ተጭኖ ነው። ከዚያ ወዲህ እዚያ አገር ቁምሳጥንን ከግድግዳና ከጣራ ጋር ማሰር የቤት ውስጥ ወግ ሆኗል። ከግድግዳ ጋር የሚሠራ ቁምሳጥን ለካራቆሬ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ፎቶው ስላማረ አይደለም። ግን ከግድግዳ ጋር «የተሠራ» እና ከግድግዳ ጋር «የታሰረ» አንድ አይደሉም፤ እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚለየው።

ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። አናጺው በድሪል በስቶ ፊሸር ሲከትበት፣ ፊሸሩ የሚነክሰው ሦስት ሳንቲሜትር የማትሞላ የብሎኬት ቅርፊት ነው። ለሥዕል መስቀያ ይበቃል፤ ሲኒና ሰሃን ለተሞላ ካቢኔት አይበቃም። ከዚህ የባሰው፣ ራሱ ብሎኬቱ በሁለት ኮለን መካከል የተሞላ ግድግዳ ብቻ መሆኑ ነው፤ ቤቱ ሲናወጥ ኮለኑ ቆሞ ብሎኬቱ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ መያዣው ኮለኑና ቢሙ ናቸው። አንድ ደህና ወፍራም እንጨት፣ ወርዱ አንድ ጫማ የማይሞላ፣ ከኮለን እስከ ኮለን በአግድም ይዘረጋል፤ በኮለኑ አርማታ ውስጥ በደህና ብሎን ይታሰራል፤ ካቢኔቱ ደግሞ ከጀርባው በየግማሽ ሜትሩ እንጨቱ ላይ ይመታል። ከፊት ሲታይ ምንም የለም። የሕንፃ ደንባችንም ይህን ያስባል፦ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የመሬት መንቀጥቀጥ ስታንዳርድ የሕንፃውን አጥንት ብቻ ሳይሆን ከሕንፃው ጋር የተያያዙ፣ ሲወድቁ ሰው የሚጎዱ ነገሮችንም ይመለከታል። የመኖሪያ ቤት ቁምሳጥን የሚያሠራ ሰው ስታንዳርድ ገልጦ እንደማያነብ አውቃለሁ፤ አናጺውን «ከኮለኑ ጋር እሠር» ለማለት ግን ማንበብ አያስፈልገውም።

የጭቃ ቤት ጉዳይ ሌላ ነው፤ ካራቆሬ ላይ ደግሞ ብዙው ቤት እሱ ነው። ግድግዳው በስሚንቶ ተለስኖ ቀለም ሲቀባ ከብሎኬት አይለይም፤ ሲመታ ግን ድምፁ ይነግራል። እዚያ ላይ ካቢኔት መስቀል አይሞከርም። ሁሉም ክብደት ወለል ላይ ያርፍ፤ የላይኛው ካቢኔት ከታችኛው ላይ ይቁም እንጂ ግድግዳ ላይ አይንጠልጠል። ከግድግዳው የሚፈለገው እንዳይገለበጥ መያዝ ብቻ ነው፤ ለዚያም ቋሚዎቹ አሉ። በመዶሻ ጀርባ ኳ ኳ እያሉ ቋሚው የቱ ጋ እንደሆነ ማግኘት ቀላል ነው። ከባዱ ቋሚው ከሥሩ ጤነኛ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ቆላ ነው፤ ምስጥ አለ። ውጭ በኩል ግድግዳው ሥር የአፈር ቧንቧ መሳይ ነገር ሽቅብ ሲወጣ ከታየ፣ ቁምሳጥኑ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቤቱ ይታይ።

ምስጥ ቺፕውድን አይምርም። ውሃም አይምረውም። ሳሎኑ ሲወለወል፣ ቡና ሲፈላ ቄጤማ ሲጎዘጎዝ፣ እርጥበቱ ወለሉን ከሚነካው ጠርዝ ይገባና ቺፕውዱን እንደ ዳቦ ያሳብጠዋል። ስለዚህ ካቢኔቱ መሬት አይንካ። 10 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው የስሚንቶ መቆሚያ ቀድሞ ይፈስስ፣ ፊቱ ዞኮሎ ይልበስ፣ ካቢኔቱ እሱ ላይ ይቀመጥ። ዋጋው ከአንድ ማጠፊያ ስብስብ አይበልጥም፤ ዕድሜው ግን ከካቢኔቱ ይበልጣል። መሶቡ የሚገባበት ክፍት ቦታ ብቻ መቆሚያ አይደረግለትም፤ መሶብን ደረጃ ማውጣት የሚወድ ሰው አላየሁም።

ወደ እንጨቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ለአፍታ ብዘገይ አትፍረዱብኝ። ኤምዲኤፍ ቀጥ ያለ ነው፣ አይጣመምም፣ ቀለም ይቀበላል፤ ሰፊ በር ለማውጣት የሚሻለው የለም። ግን ብሎን ሁለት ጊዜ ከወጣበት ሦስተኛውን አይይዝም። ዋንዛ ይይዛል። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ሲቀባ ወርቃማ ቡናማ ቀለም ይሰጣል፤ ከበሮውም ሙቀጫውም የቤት ዕቃውም ከእሱ ሲሠራ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ዋንዛ ሁሉ ግን ከየትም ይቆረጣል ማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ጽድንና ዝግባን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ከገበሬ ማሳ የተገኘ፣ ወረቀት ያለው እንጨት ይፈለግ። ቢገኝም ሁሉንም ከዋንዛ መሥራት ከንቱ ድካም ነው። የበሩ ፍሬም፣ የመደርደሪያው የፊት ጠርዝ፣ የትሪው መደገፊያ ዘንግ፣ እጀታው፤ እጅና ዓይን የሚያርፉባቸው ቦታዎች ዋንዛ ከሆኑ ይበቃል። ሆዱ ኤምዲኤፍ ቢሆን ማን ያውቃል?

ከደጋ የመጣ እንጨት ቆላ ላይ ይታመማል። ከደብረ ብርሃን ብርድና ጭጋግ የተጫነ ጣውላ ይፋት ሲወርድ ሙቀቱ ውሃውን ይመጠዋል፤ ጣውላው በወርዱ ይሸበሸባል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል። አናጺው ጣውላውን በደረሰ ማግሥት ሰንጥቆ፣ ኮላ ቀብቶ፣ ገጥሞ ቢያስረክብ በመጋቢት በሩ መሃል ላይ ጣት የምታስገባ ስንጥቅ ታገኛላችሁ። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፤ ጣውላው በሚኖርበት ቤት ውስጥ በመካከሉ ዘንግ እየገባበት ተደርድሮ ለሳምንታት ይረፍ። ሌላው መድኃኒት ደግሞ አሮጌ ብልሃት ነው፦ የበሩ ሆድ ከፍሬሙ ጋር በኮላ አይጣበቅ። ፍሬሙ ውስጥ በመሮ ወይም በማሽን ቦይ ይወጣለታል፣ ሆዱ ቦዩ ውስጥ ልቅ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሲሸበሸብ ይሸበሸባል፣ በክረምት ሲያብጥ ያብጣል፣ ፍሬሙ አይነካም። ከመገጣጠሙ በፊት ሆዱ ብቻውን ዙሪያውን ቫርኒሽ ይቀባ፤ አለዚያ በበጋ ሲጠብ ከቦዩ ጫፍ ያልተቀባ ነጭ መስመር ብቅ ይላል።

መግጠም ሲጀመር ደግሞ ግድግዳው እውነቱን ያወጣል። ቱንቢ ሲወርድ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሁለት ሳንቲሜትር ተንጋዷል፤ ማዕዘኑ ቀጥ አይደለም፤ መሃሉ ላይ ልስኑ ሆድ አውጥቷል። ካቢኔቱ ግን በማሽን የተቆረጠ ቀጥ ያለ ሳጥን ነው። ቀጥ ያለ ነገር ጠማማ ነገር አጠገብ ሲቆም መሃላቸው ክፍተት ይሆናል፤ ክፍተቱ ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። የሚቸኩል እጅ ጂፕሰም ወይም ሲሊኮን ይሞላበታል። ከዓመት በኋላ ጂፕሰሙ ይፈረፈራል፣ ሲሊኮኑ ይጠቁራል፣ ክፍተቱ የበረሮ መኖሪያ ይሆናል።

ደህና አናጺ ሌላ ያደርጋል። ካቢኔቱን ከጎኑ ካለው ግድግዳ አራት ጣት አርቆ በውሃ ልክ ያቆማል። ለዚያ ክፍተት ከሚያስፈልገው ሰፋ ያለ ቀጭን የዋንዛ ጣውላ ያዘጋጃል፤ ጣውላውን ግድግዳው ላይ አስጠግቶ ቀጥ አድርጎ ያስራል። ከዚያ አንዲት ቁራጭ እንጨት ይይዛል፤ ጫፏ ላይ እርሳስ ይደግፋል፤ ቁራጯን ከግድግዳው ሳያላቅቅ ከላይ ወደ ታች ይጎትታታል። ግድግዳው ሲያብጥ እርሳሱ ይሸሻል፣ ሲጎደጉድ ይጠጋል፤ ጣውላው ላይ የግድግዳው ጠማማነት እንዳለ ይገለበጣል። በዚያ መስመር ላይ ቀስ ብሎ በመጋዝ ይቆርጣል፤ ጠርዙን ከጀርባው በኩል ሸርተት አድርጎ በመላጊያ ይበላዋል፣ ፊቱ ብቻ ግድግዳውን እንዲነካ። ሲገጥመው ወረቀት አያስገባም። ይህ ሥራ ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ በካሬ ዋጋ ውስጥም የለም። የሰው ሙያ የሚታየው ግን እዚያች አራት ጣት ውስጥ ነው፤ በሩንማ ማሽን ሠራው።

በሮቹን በተመለከተ ከፋሽኑ ጋር አልስማማም። እጀታ የሌለው፣ ሲገፉት የሚከፈት በር ለካራቆሬ አይሆንም። መገፋት ከከፈተው መናወጥም ይከፍተዋል፤ ያኔ ሲኒውም ብርጭቆውም ሰው ላይ ይወርዳል። ማግኔት ብቻውን ደካማ ነው። እጀታ ይኑረው፣ ከእጀታው ጋር የሚሠራ መቆለፊያ ይኑረው። ከመደርደሪያው ጠርዝ ላይ ሁለት ጣት ከፍ የምትል የዋንዛ ክፈፍ ትምታ፤ ዕቃው ሲንሸራተት ታስቆመዋለች። መስታወት ከተፈለገ ትንንሽ ይሁን፣ በፍሬም የተከፋፈለ። መደርደሪያው 18 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ70 ሳንቲሜትር በላይ ያለ ድጋፍ አይዘርጋ፤ ሰሃን ተደርድሮበት በዓመቱ ይጎብጣል። ከባዱ ሁሉ፣ የብረት ድስት፣ ጠርሙስ፣ የሸክላ ድስት፣ ከወገብ በታች ይውረድ።

የቡናው ጥግ ደግሞ ልብ የሚጠይቅ ነው። ምግብ የምናቀርበው ቆመን ነው፤ ቡና የምናፈላው ግን በርጩማ ላይ ተቀምጠን ነው። በበርጩማ የተቀመጠች ሴት ሲኒ ለማውጣት ብድግ ማለት የለባትም። የሲኒው መሳቢያ ከወለል 45 ሳንቲሜትር አካባቢ ይሁን፣ ውስጡ በቀጫጭን እንጨት ተከፋፍሎ እያንዳንዷ ሲኒ የራሷ ቤት ይኑራት፤ መሬቱም ቢናወጥ አይጋጩም። ከመሳቢያው በላይ ረከቦቱ ከነሲኒው ሳይበተን የሚገባበት ክፍት ቦታ። እጣን የሚጨስበትና ከሰሉ የሚነድበት ቦታ ግን ከካቢኔቱ አንድ ሜትር ይራቅ፤ ኤምዲኤፍ ላይ የሚለጠፈው ልባስ ሙቀት ሲጠጋው ይላቀቃል፣ ነጭ ከሆነ ደግሞ ጢሱ በስድስት ወር ያጠይመዋል። ነጭ ቀለም የማልወደው ለዚህም ነው።

የቤቱ ወለል ላይ ይህን ሁሉ ቀድሞ በኖራ ማስመር ይቻላል። ካቢኔቱ የሚይዘው ቦታ ይሰመር፣ ጠረጴዛው ይቀመጥ፣ ወንበር ላይ ሰው ይቀመጥ፣ ከኋላው ትሪ የያዘ ሰው ይለፍ። ካላለፈ ያኔ ነው ማሳጠር እንጂ ከተገጠመ በኋላ አይደለም። በበዓል ቀን ሳሎኑ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ብዛት በሥራ ቀን ከሚቀመጠው ጋር አይገናኝም፤ ስለዚህ ልኩ የፋሲካው ይሁን።

በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በካራቆሬ በደረሰው ጥቃት ብዙ ቤት ተቃጥሏል፤ ከዚያ ወዲህ የተነሡና እየተነሡ ያሉ ግድግዳዎች አሉ። አዲስ ግድግዳ የሚያቆም ሰው የትኛው ጎን የምግብ ቁምሳጥን እንደሚሆን ግንበኛው ሳይሄድ ቢናገር፣ ኮለኑ ሲሞላ ብሎኑ አብሮ ይቀበራል፤ በኋላ አርማታ ከመብሳት ያድናል። የመብራቱ ሶኬትም ካቢኔቱ ሆድ ውስጥ ተደፍኖ አይቀርም።

ውሉ ላይ አንድ ነገር ይጨመር። አናጺው ሥራውን አስረክቦ ይሂድ፤ ግን ከአንድ በጋና ከአንድ ክረምት በኋላ መፍቻውን ይዞ ይመለስ። ያኔ ዋንዛው በጋውንም ክረምቱንም አይቷል፤ የላላ ማጠፊያ ይጠበቃል፣ የሚያፋጭ በር በመላጊያ ይነካል፣ ከኮለኑ ጋር ያሰሩት ብሎኖች አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። የመጨረሻው ክፍያም ያን ቀን ይከፈል።